ከጎማ ሥር የቀረችው ድንጋይ

ጋሼ ፈንታሁን የጥብቅና ቢሯቸውን የዘጉ ዕለት «ከዕቃው የፈለግሽውን ውሰጂ» አሉኝ። ጠረጴዛው ለእህታቸው ልጅ ተሰጥቶ ነበር፤ ወንበሮቹን ደግሞ ጎረቤታችን ፎቶ ቤቱ ገዝቷቸዋል። እኔ ትንሿን በርጩማ ያዝኩ።

«ይቺ ደግሞ ምን ታደርግልሻለች?» ብለው ሳቁ።

መልሱን ከኔ በላይ ያውቁታል። ያቺ በርጩማ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሞተረኛ የወደቀበትን ቦታ ሁሉ ዞራለች። እሳቸው እሷ ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲያዩ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስፈራ፣ የሥራ ዘመናችን አለቀ።

አሁን ሁለታችንም ቤት ውለናል። የሳቸው ዓይን ደከመ፣ የኔ ጉልበት። ሥራውም እንደ ድሮው አይደለም። አደጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ወጣቶቹ ጠበቆችም ቢሯቸው ቁጭ ብለው ፎቶውን እያሰፉ ያዩታል። ጥሩ ነው፤ አልነቅፍም። ብቻ ልጄ አቤል «እማ፣ እናንተ እንዴት ትሠሩ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይቀርም፤ ጻፊው» እያለ ጨቀጨቀኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ለዚህ የሚሆን ፊደል ግን አላጣሁም።

ቢሮው የገባሁት ለጽዳት ነበር። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ አንሶላ አጥብ ነበር፤ አለቃዬ ሲስተር ሳሙናውን በቢላዋ እየቆረሰች የምትሰጥ ቆጣቢ ሴት ነበረች። ሁለት ልጅ አሳድግ ስለነበር የተሻለ ደመወዝ አለ ሲሉኝ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ደመወዙ ብዙም አልተሻለም። ሥራው ግን ያዘኝ።

ያን ጊዜ በከተማችን ሞተር እየበዛ ነበር። ሰውም በሞተር ይሄዳል፣ ሽንኩርትም በሞተር ይጫናል፣ ሙሽራም በሞተር ይመጣል። የተሰበረውም በዚያው ልክ ሆነ። ጠዋት በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ክራንች ይዞ የሚጠብቅ ሰው አላጣም። ቢሮው ጭር የሚለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ በሚከለከልባቸው ወራት ብቻ ነው። ጋሼ ከተጎዳው ሰው ጋር ውስጥ ሲነጋገሩ፣ እኔ ደጅ ለቀሩት እናቶችና ሚስቶች ሻይ አቀርባለሁ። ስለማንኛውም ነገር ካልጠየቅኩ አይሆንልኝም። «ፀሐይዋ ዓይኑ ላይ ነበረች? ጫማው ምን ዓይነት ነበር? ከኋላው ምን ጭኗል?» እላለሁ። እነሱም ውስጥ ያልተነገረውን ለኔ ይነግሩኛል።

አንድ ቀን ጋሼ በበሩ ክፍተት ሲሰሙኝ ቆይተው ወጡ።

«ስንዱ፣ ነገ ከኔ ጋር ትወጫለሽ።»

«የት ጋሼ?»

«ሰው የወደቀበት ቦታ።»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ደም ማየት አልችልም።»

«ደሙ ታጥቧል። ያለው መንገዱ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ነው ከመጥረጊያ ወደ መንገድ የተሻገርኩት። ጋሼ ቦታውን የሚያዩት አደጋው በደረሰበት ሰዓት ብቻ ነው። ማታ ገደማ ከሆነ ማታ ገደማ፣ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ከሆነ ያኔውኑ። ከመንገዱ ዳር በርጩማቸውን ያኖሩና ተጎጂው በመጣበት አቅጣጫ ዞረው ይቀመጣሉ። መንገዱን ብቻ ያያሉ። በርጩማዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ዓይናቸው ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ከሚያየው በታች ይሆናል። «ከላይ ያልታየኝ ከታች ሊታየኝ ይችላል» ይላሉ። ከዚያ ወደኔ ቀና ብለው ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«አቤል በዚህ በኩል ቢያልፍ ምን ትፈሪለታለሽ?»

ለመፍራት ደግሞ ማን ያህለኛል! አቤል ያኔ ሞተር መንዳት ጀምሮ ነበር። ገና ሞተሩን ሳያስነሳ «ደረስክ?» ትለኛለች እያለ ለጓደኞቹ ያወራብኝ ነበር። ቤት ውስጥ መሳቂያ ያደረገኝ ፍርሃቴ እዚያ ሥራ ሆነ። ይቺ አህያ ድንገት ብትሻገርስ እላለሁ፤ ጋሼ ማን አህያውን እዚህ እንደሚያሰማራ ያጣራሉ። ያ ሱቅ ያፈሰሰው ውሃ ቢያንሸራትተውስ እላለሁ፤ ተነስተው ይረግጡታል። ከፈራሁት አብዛኛው ከንቱ ነበር። አንዳንዱ ግን አልነበረም።

ምስክር መፈለግንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ላይ መንገድ ዳር ያለውን ሰው «ምን አየህ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ሁሉም «ምንም አላየሁ» ይላል። ፍርድ ቤት መመላለስን፣ ከጎረቤት መቀያየምን ማን ይወዳል? ጋሼ ይህን አይተው «ምን አየህ አትበይው፤ ያን ዕለት ምን ትሠራ ነበር በይው» አሉኝ። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ይከፈታል። እንጨት ስፈልጥ ነበር፣ በሬ ጠፍቶብኝ ነበር፣ እያለ ሲያወራ ያየው ነገር አብሮ ይወጣል።

ሥራችን ሁሉ ግን አልቀናም። ከይፋግ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበረ፤ ሚኒባስ ገጭቶት ጉልበቱ ደቅቋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ጋሼ ለአባቱ «ክሱን አሁን እናስገባ፤ ሕጉ የሚጠብቀን ሁለት ዓመት ነው» አሏቸው። አባትየው ግን አልቻሉም። የባለ ሚኒባሱ ሽማግሌዎች በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ሽማግሌ ደጄ ቆሞ እንዴት እከሳለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ፋሲካ ይለፍ አሉ። ከዚያ አዝመራ ይሰብሰብ አሉ። ቀጥሎ ክረምቱ ይውጣ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እነሱም ባለ ሚኒባሱ የሚላቸውን አምነው ነው የሚመላለሱት። በየመሐሉ ጋሼ አባትየውን እየጠሩ ያስጠነቅቃሉ፤ እሳቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ባለ ሚኒባሱ «የምሰጠው የለኝም» ብሎ ሲቆርጥ፣ የሕጉ ጊዜ አልፎ ነበር። አባትየው ቢሮ መጥተው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ ተቀመጡ። 

ከሄዱ በኋላ ጋሼ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ሕጉን የነገርኩት ለአባትየው ነው። መንገር የነበረብኝ ለሽማግሌዎቹ ነበር» አሉ። ልጁ ዛሬ ልብስ ሰፊ ነው። በአንድ እግሩ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይሰፋል። በሱቁ በኩል ሳልፍ ሰላም ሳልለው አላልፍም፤ ዓይኑን ለማየት ግን አሁንም ያስቸግረኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው ታደለ የመጣው።

ታደለ በሞተር ሰው የሚያመላልስ ነበር። ከሚስቱ ከየሺ ጋር እብናት አማቱ ቤት ለድግስ በሞተሩ ሄደው፣ ወደ ደብረ ታቦር ሲመለሱ ጀምበር ገብታለች። ወደ ጋፋት መታጠፊያ አካባቢ ካለው ዳገት ላይ ወደቁ። የሱ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የየሺ ክንድ ወጣ። እሱ የመውደቁን ነገር ጨርሶ አያስታውስም። እሷም ከጀርባው ተከልላ ስለነበር ያየችው የለም። ፖሊሶች ሲደርሱ መንገዱ ደረቅና ነጻ ነበር፤ ያዩትንም ጻፉ። ስለዚህ ጥፋቱ የሱ ሆነ፤ ሚስቱን በቸልተኝነት ጎዳ ተብሎ ሊከሰስ ነው። የሺን ደግሞ አባቷ አቶ ዋሴ «ሰክሮ ልጄን ሰበራት» ብለው ወደ እብናት ወስደዋታል።

ታደለ በወንድሙ ተደግፎ ሲገባ ስለ ካሣ አላነሳም።

«ጠጥቻለሁ ወይ? አንድ ጣሳ ጠጥቻለሁ። ፈጥኛለሁ ወይ? ሚስቴን ጭኜ ዳገት ላይ ምን እፈጥናለሁ? ጋሼ፣ ምን እንደጣለኝ ብቻ ይንገሩኝ። እሷም የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ የምመልስላት አጣሁ።»

በወደቀበት ሰዓት ዳገቱ ላይ ወጣን። ጋሼ ተቀመጡ፣ ከዚያ ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ። እኔም ውሻውን ፈራሁ፣ ጭጋጉን ፈራሁ፣ የጠጠሩን ዳር ፈራሁ። በመጨረሻ «ከፊቱ መኪና ቆሞ ቢሆንስ?» አልኩ።

«መኪና ቢቆም ፖሊስ ያየው ነበር።»

«ቆሞ ሄዶ ቢሆንስ?»

ጋሼ ከበርጩማዋ ተነሱ።

ትንሽ ከፍ ብሎ ሙሉ የምትባል ሴት ድንች ትሸጣለች። «እኔ ምንም አላየሁም» አለችን ገና ሳንጠይቃት።

«አይ፣ ያን ዕለት ምን ትሠሪ ነበር ብለን ነው» አልኳት።

«ምን እሠራለሁ? ስቃጠል ነበራ! አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር መኪናው ፈልቶበት ውሃ አምጪ ብሎኝ፣ ጀሪካኔን አውሼው ይዞብኝ እብስ አለ። ቢጫ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠፍቶ በቀይ ጨርቅ የወተፍኩት። እስቲ አሁን የሰው ጀሪካን ይወሰዳል?»

«ሰዎቹ ሲወድቁስ?»

«እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሮጠን አነሳናቸው። መንገዱ ላይ አንዲት ድንጋይ ነበረች፤ ሌላ ሰው እንዳትጥል ብዬ ወደ ቦዩ ወረወርኳት።» ከዚያ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። «ምነው? ጥፋት ሠራሁ?»

«ጽድቅ ነው የሠራሽው» አሏት ጋሼ። ፖሊስ ለምን ነጻ መንገድ እንዳየ ያኔ ገባን።

ቦዩ ውስጥ ብዙ ድንጋይ አለ። አንዷ ግን ጎኗ በጎማ ጠቁሯል። ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ይወሸቃል፤ ሾፌሮች ታኮ ይሉታል። መኪናው ወደፊት ሲነሳ ታኮው እዚያው ይቀራል። ወርዶ የሚያነሳ ከሌለ መሐል መንገድ ላይ ቁጭ ይላል። ድንጋይዋን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ወረድኩ።

በገበያ ቀን ጋሼና እኔ ከሙሉ ጋር የጭነት መኪኖች የሚያራግፉበት ቦታ ቆምን። እኔ ታርጋ ስመዘግብ፣ እሷ ጀሪካኗን ፍለጋ የመኪኖቹን ጎን ጎን ታያለች። ድንገት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጥላ ሮጠች።

«ጀሪካኔ! አንተ ሌባ፣ ጀሪካኔን!»

ሾፌሩ ጌታነህ ይባላል፤ ሰፊ ፈገግታ ያለው ሰው ነው። «ውይ እናቴ፣ ይቅርታ! ያን ዕለት እኮ ውሃሽ ነው ያወጣኝ» ብሎ ጀሪካኑን ፈትቶ ሰጣት። ጋሼ ቀረብ ብለው «ከዚያ ዳገት ስትነሳ ታኮውን አነሳኸው?» ሲሉት ፈገግታው ጠፋ። «እኔ እዚያ አልቆምኩም» አለ። ሙሉ ጀሪካኗን ታቅፋ አፏን ከፍታ አየችው።

ጋሼ ወዲያው በመኪናው ባለቤት ላይ ክስ አስገቡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከመኪናው ወገን ሽማግሌ ተላከ። አሁን ግን ጋሼ ታደለ ደጅ እስኪቆሙ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሰብሳቢያቸው የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሐጂ እንድሪስ ነበሩ።

«ሐጂ፣ ክሱ ገብቷል፤ በሕጉ መንገድ ይሄዳል። እናንተም በናንተ መንገድ ሂዱ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅ» አሉ።

«ከሰህ ታስታርቃለህ?» አሉ ሐጂ።

«ካልከሰስኩ ሕጉ ይዘጋብኛል። እርቅ ግን በሩ አይዘጋም።»

«እንግዲያው ነገሩ ቀለለን» አሉ ሐጂ። «አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። እዚህ የሚነገረው ፍርድ ቤት አይወሰድም።»

ጋሼ ቃል ገቡ። እኔ ቅር አለኝ። ሾፌሩ እዚያ ቢያምንስ? ሰምተን ልንቀመጥ ነው? ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ታደለ የጠየቀን ምን ነበር?» ብለው መለሱልኝ።

እሁድ ከሰዓት በሐጂ ግቢ ተሰበሰብን። ታደለ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። አቶ ዋሴ ስለ የሺ ሆነው ከእብናት መጥተዋል፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። የሺ ክንዷ እንደታሰረ ከሴቶቹ ጋር ከኔ አጠገብ ናት። ጌታነህ መሬት መሬት ያያል። ጋሼ ጆንያውን አስፈቱኝ። ድንጋይዋን መሐል አኖርኩና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

 ጌታነህ ድንጋይዋን አያት። ጠቆር ያለው ጎኗ ወደሱ ነበር።

«ታኮዬ ናት» አለ።  «ቅጠሉን አንስቻለሁ፣ ምልክት ያደረግሁበትን ድንጋይ አንስቻለሁ። እሷን… መኪናው ሲነሳልኝ ደስ አለኝና ረሳኋት። ከተማ ከገባሁ በኋላ ትዝ አለችኝ። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። ሲነጋ ሰው ወደቀ ሲሉ ሰማሁ።»

ከዚያ ማንም ሳያዘው ጎንበስ ብሎ ድንጋይዋን አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸከማት። አገራችን በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያገኘውን ድንጋይ ነው የሚሸከመው። ሰው የጣለችውን ድንጋይ ራሷን የተሸከመ ግን ከሱ በፊት አላየሁም። ታደለ እግር ሥር ሄዶ አጎነበሰ።

ታደለ ዓይኑ ድንጋይዋ ላይ ቀረ። «ይቺ ናት?» አለ። «ይቺን የምታህል?» ከዚያ ወደ የሺ ዞረ። «የሺ፣ ይቺ ናት የጣለችን።»

የሺ በደህናው እጇ አፏን ያዘች።

የተናገሩት አቶ ዋሴ ናቸው። «አውርድ ልጄ፤ አውርዳት» አሉ፤ ለሾፌሩ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ከአጥሩ ወደ ታደለ መለሱ። «አልጠጣም ሲለኝ አንድ ጣሳ ጠጣልኝ ብዬ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጣልኳቸው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እሱን ሰካራም ያልኩት ለዚያ ነው።»

የሺ ያን ዕለት ወደ እብናት አልተመለሰችም።

ጋሼ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ከግቢው የሰሙትን የትም አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለገም። በማግስቱ ጌታነህ ራሱ ከሐጂ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። በታደለ ላይ የተከፈተው መዝገብ ተዘጋ። ካሣው በኢንሹራንሱ በኩል ጊዜውን ወስዶ መጣ፤ እግሩም እንደገና ታክሞ ዛሬ እያነከሰ ቢሆንም ያለ ክራንች ይሄዳል። ጌታነህ የሚገባውን ተቀጣ፤ ሽማግሌዎቹ ስለቆሙለት ቀለል አለለት።

ሙሉና እኔ ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሆነናል። ባለፈው ሳምንት ድንች ልገዛ ወደሷ ስወጣ፣ ከኩርባው በፊት አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተደርድሮ አየሁ። መኪና የለም። ደሜ ፈላ። ግራ ቀኙን ደጋግሜ አይቼ፣ ጥላዬን አስቀምጬ፣ አንዱን ድንጋይ አቅፌ ወደ ዳር ስወስድ ጩኸት ሰማሁ።

«እማማ! ኧረ እማማ! ምን እየሠሩ ነው?»

ከኩርባው ወዲያ ለካ መኪናው ቆሟል። ሾፌሩ እጁ በግራሶ ተለውሶ ይሮጣል።

«ድንጋይ ላነሳ ነው ልጄ።»

«እኛ እኮ አልሄድንም! ሰው እንዳይገጨን ነው ያኖርነው!»

አፈርኩ። ድንጋዩን ቦታው መለስኩ። «መቼ ነው የምትነሱ?» አልኩት።

«ምነው፣ ይሳፈራሉ?»

«አይ። ድንጋዩን ስታነሳ ልይ ብዬ ነው።»

«ሌላ ሥራ የለዎትም?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ» አልኩት።

እየሳቀ ወደ መኪናው ሥር ተመለሰ። እኔ ከመንገዱ ዳር፣ የኩርባውን ሁለት ወገን በሚያሳየው ከፍ ያለ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሞተር ሲመጣ ጥላዬን ከፍ አድርጌ አወዛውዛለሁ፤ አንዳንዱ ቀስ ይላል፣ አንዳንዱ አብዳለች ብሎ ያልፋል። በመሐል አቤል ደወለ። «እማ፣ ደረስሽ?» አለኝ። አሁን ጠያቂው እሱ ሆኗል።

«ገና ነኝ» አልኩት።

ሾፌሩ ጨርሶ ወጣ። እያየኝ ቅጠሉን ጣለ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠኝና ተሳፈረ። መኪናው ወደፊት ሲነሳ ከኋላ ጎማው ሥር አንዲት ድንጋይ ቀረች።

«ታኮው!» ብዬ ጮህኩ።

መኪናው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «እማማ፣ ይቺ እኮ ጠጠር ናት!»

«ላንተ ጎማ ነው ጠጠር የሆነችው።»

እያጉረመረመ ወረደ። አነሳትና ወደ ቦዩ ሊወረውራት እጁን ሲዘረጋ እኔን አየኝ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም፤ እጁን መለሰና ድንጋይዋን ይዞ ወጥቶ ከመቀመጫው አጠገብ አኖራት።

መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆየሁ። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወርጄ ጎንበስ ብዬ መንገዱን ከታች አየሁት። ምንም የለበትም። ሙሉ ከላይ ሆና እጇን ታወዛውዛለች። ስልኬን አወጣሁና ለአቤል «ደርሻለሁ» አልኩት።